የትምህርት ቤታችንን የጽዳት በጀት ከወለሉ ጀምሬ ስሠራው

ቀን 1

የጽዳት ውላችን ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። አዲሱን በጀት እንዳዘጋጅ ዛሬ ተነገረኝ። ርዕሰ መምህሯ የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነው፦ "ያለፈውን ዓመት ቁጥር ውሰድና የዋጋ ጭማሪውን ደምርበት።"

ፋይሉን ከፈትኩት። ያለፈው ዓመት ቁጥር የመጣው ከካቻምናው ነው። የካቻምናው ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው። ወደ ኋላ እየተመለስኩ ስሄድ መጨረሻ ላይ አንዲት ገጽ ፕሮፎርማ አገኘሁ። "ጠቅላላ ጽዳት፣ 2,680 ካሬ ሜትር፣ 4 ሠራተኛ፣ በቀን 4 ሰዓት" ትላለች። ከጎኑ የወር ዋጋ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን በየስንት ጊዜ እንደሚጸዳ፣ ሳሙናና ሶፍት በማን ወጪ እንደሆነ፣ በዕረፍት ወራት ምን እንደሚሠራ አንድም ቃል የለም።

ቅሬታው ግን ሞልቷል። መምህራን ክፍላቸው በደንብ አይጠረግም ይላሉ። ወላጆች ስለ ሽንት ቤቱ ሽታ ይደውላሉ። የጽዳት ድርጅቱ በበኩሉ "ሠራተኞቼ ቀና ሳይሉ ነው የሚውሉት" ይላል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጠረጠርኩ። ሦስት ሳምንት ስጡኝ አልኩ፤ ተፈቀደልኝ።

ቀን 2

ሜትር ይዤ ግቢውን ዞርኩ። የሕንፃ ፕላን አለን፤ ግን በፕላን ላይ ያለው ስፋት ግድግዳውንም፣ የተቆለፈውን ዕቃ ግምጃ ቤትም ይጨምራል። እኔ የምፈልገው መጥረጊያ የሚያርፍበትን ወለል ብቻ ነው።

የለካሁት እንዲህ ወጣ። 24 መማሪያ ክፍል፣ እያንዳንዱ 56 ካሬ፣ በድምሩ 1,344። ኮሪደርና ደረጃ 620። ሦስት ላብራቶሪ 252። ቤተ መጻሕፍት 160። ቢሮዎችና የመምህራን ማረፊያ 240። አዳራሽ 380። አራት የመጸዳጃ ብሎክ 148። ጠቅላላው 3,144 ካሬ ሜትር ነው።

ውሉ የሚያውቀው 2,680 ካሬን ነው። ልዩነቱ 464 ካሬ ሜትር። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስድስት ክፍሎች ከነኮሪደራቸውና ከነመጸዳጃቸው ተሠርተዋል። ሕንፃው በ17 ፐርሰንት አድጓል፤ ሠራተኞቹ ግን አሁንም አራት ናቸው፣ ሰዓታቸውም ያው ነው። አዲሱን ብሎክ ስንመርቅ ማን እንደሚያጸዳው ማናችንም አልጠየቅንም። ይህ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቀን 4

ዛሬ ከክፍል በኋላ ከሠራተኞቹ ጋር ዋልኩ። አስቀድሜ የመጣሁት ሰው ለመቆጣጠር ሳይሆን ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ለማወቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ይህን ሳይናገሩ ሰዓት መያዝ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው ሲታይ ወይ ይፈጥናል፣ ወይ ይጠነቀቃል፤ የሚያዘው ሰዓት የውሸት ይሆናል።

በዕድሜ ትልቋን ተከትዬ ዘጠኝ ክፍል አየሁ። መጥረግ፣ በእርጥብ መወልወል፣ ዴስኩን መጥረግ፣ ሰሌዳውን ማጽዳት፣ ቆሻሻውን ማውጣት። አማካዩ 14 ደቂቃ ሆነ። ግን አንድ ክፍል በ10 ደቂቃ አለቀ። ምን ተለየ? የዚያ ክፍል መምህር ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ወንበራቸውን ዴስክ ላይ እንዲሰቅሉ ያደርጋሉ።

"ልጄ፣ ወገቤን የሚቆርጠኝ መጥረጊያው አይደለም፤ ወንበሩ ነው" አሉኝ ሴትዮዋ።

በአንድ ክፍል 4 ደቂቃ ማለት በ24 ክፍል 96 ደቂቃ ነው። በየቀኑ። አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይገኛል። ለርዕሰ መምህሯ ወዲያው ሄጄ ነገርኳቸው። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ክፍል ወንበሩን ይሰቅላል፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል።

ቀን 5

መጸዳጃ ቤት። የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው።

መጸዳጃን በካሬ ሜትር ማስላት ያሳስታል። 148 ካሬ ከጠቅላላው ወለል 5 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። የሚበላው ጊዜ ግን ከሁሉም ክፍል ይበልጣል። ትክክለኛው መንገድ ዕቃውን መቁጠር ነው። እኛ ጋ 34 መቀመጫ፣ 10 የወንዶች መሽኛ፣ 28 የእጅ መታጠቢያ አለ። ድምሩ 72። በጽዳት ሙያ የታወቀ መነሻ ግምት አለ፤ ለአንድ ዕቃ 3 ደቂቃ፣ በዙሪያው ያለውን ወለልና መስታወት ጨምሮ። በእኔ ሰዓት ስለካው ለሁለት ብሎክ ከዚያ እምብዛም አልራቀም። ስለዚህ 72 በ3፣ 216 ደቂቃ ለአንድ ሙሉ ጽዳት።

ሙሉ ጽዳቱ የሚሠራው ማታ ነው። ጠዋት ስንከፍት ሁሉም ያበራል። ከመጀመሪያው እረፍት በኋላ ግን አራቱን ብሎክ ዞሬ አየሁ። በሦስቱ ሳሙና አልቋል፣ በሁለቱ ሶፍት የለም፣ በአንዱ ወለሉ ረጥቧል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ገና ግማሽ ቀን ይቀራቸዋል። የሰባተኛ ክፍል መምህርት እንደነገሩኝ ሽንት ቤት ላለመግባት ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጡ ሴት ልጆች አሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ የቀን ፍተሻው በጀቱ ውስጥ እንዲገባ ቆርጬ ተነሣሁ። ለአንድ ብሎክ 15 ደቂቃ፣ አራት ብሎክ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ 120 ደቂቃ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ ይላል። እኛ ከዚያ በላይ ነው ያለን ተማሪ። አንድ መቀመጫ ብዙ ልጅ ሲጠቀምበት ቶሎ ይቆሽሻል። መቀመጫ ማሠራት ሌላ በጀት ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ግን ጉድለቱን የሚሸከመው የጽዳት ሰዓቱ ነው።

ቀን 8

ሁሉንም ኤክሴል ላይ አስገባሁ። በአንድ የትምህርት ቀን የሚፈልገው ይህን ያህል ነው፦

መማሪያ ክፍሎች፣ ወንበር ተሰቅሎ፦ 240 ደቂቃ
መጸዳጃ፣ ሙሉ ጽዳትና ሁለት ፍተሻ፦ 336 ደቂቃ
ኮሪደርና ደረጃ፣ ሁለቴ መጥረግ አንዴ መወልወል፦ 190 ደቂቃ
ላብራቶሪዎች፦ 75 ደቂቃ
ቤተ መጻሕፍት፦ 30 ደቂቃ
ቢሮዎች፦ 60 ደቂቃ
አዳራሽ፣ በሳምንት ሦስቴ የሚሠራው በቀን ሲካፈል፦ 30 ደቂቃ
ባልዲ መሙላት፣ መወልወያ ማጠብ፣ ቆሻሻ ወደ ውጭ ማውጣት፦ 100 ደቂቃ

1,061 ደቂቃ። 17.7 ሰዓት ገደማ። የመጨረሻውን መስመር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግን ባልዲ በራሱ አይሞላም።

አሁን የምንከፍለው ለ16 ሰዓት ነው። ወንበር ሳይሰቀል የሚፈለገው ደግሞ 19.3 ሰዓት ነበር። እናም አራት ሰዎች በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚጎድልበትን ሥራ ሲሠሩ ነበር። ስንፍና ያልነው ነገር የሒሳብ ጉድለት ነው።

ቁጥሬ ልክ መሆኑን ለማየት ከሌላ ነገር ጋር አመሳከርኩት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ለትምህርት ቤት ሕንፃ አስተዳዳሪዎች የወጣ የታወቀ መመሪያ አለ። ንጽሕናን በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃ 1 እንደ ሆስፒታል የጠራ ነው፤ ደረጃ 5 ጤናን የሚጎዳ ነው። ለአብዛኛው ትምህርት ቤት ደረጃ 3 የተለመደ ነው ይላል፤ ለመጸዳጃ፣ ለሕፃናት ክፍልና ለምግብ ቦታ ግን ደረጃ 2። አንድ ሰው በ8 ሰዓት በደረጃ 3 ከ2,600 እስከ 2,900 ካሬ ሜትር፣ በደረጃ 2 ደግሞ ከ1,670 እስከ 1,860 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለእኛ ወለል ሲሰላ በደረጃ 3 ዘጠኝ ሰዓት፣ በደረጃ 2 አሥራ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ከእኔ 1,061 ላይ የቀኑን ፍተሻና የባልዲውን ጊዜ ስቀንስ 841 ደቂቃ ይቀራል። 14 ሰዓት። ደስ አለኝ። ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ማንንም ሳልከተል፣ ምንም ሳልለካ የደረጃ 3ን ቁጥር ብቻ ወስጄ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ሰዓት ነበር የምጠይቀው። የሌላ ሰው ቁጥር ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው፤ መነሻ ግን ሊሆን አይገባም።

ለመዘግየትና ለድንገተኛ ትንሽ ጨምሬ 18.5 ሰዓት ላይ ቆምኩ። አንድ የቀን ሠራተኛ 6.5 ሰዓት፣ ሦስት የማታ ሠራተኞች 4፣ 4 ሰዓት።

ቀን 9

የዓመቱ ሰዓት። 190 የትምህርት ቀን በ18.5፣ 3,515 ሰዓት። ተማሪ የሌለባቸው ግን ቢሮ የሚከፈትባቸው 40 ቀናት በ6፣ 240 ሰዓት። በሁለቱ የዕረፍት ጊዜ ለጠለቅ ያለ ጽዳት፣ ማለትም ለመስኮት፣ ለግድግዳ፣ ለአምፖል መሸፈኛና ለዴስክ ሥር ማስቲካ፣ 240 ሰዓት። ጠቅላላ 3,995።

ይህ ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ የሁሉ ነገር መለኪያዬ ነው።

ቀን 11

ሰዓቱን ወደ ገንዘብ መቀየር። የጽዳት ውል ዋጋ አብዛኛው የሰው ጉልበት ነው። ስለዚህ የአንድ ሠራተኛን የሰዓት ደመወዝ 100 ብዬ ጀመርኩና የቀረውን በላዩ ደረደርኩ። ለዓመት ፈቃድና ለሕመም ተተኪ 10። አሠሪው በሕግ የሚከፍለው የጡረታና መሰል መዋጮ 12። ሱፐርቫይዘር 10። ኬሚካል፣ መወልወያና ማሽን 9። የደንብ ልብስና ጓንት 3። የድርጅቱ አስተዳደርና ትርፍ 16። ድምሩ 160፣ ከታክስ በፊት።

ይህን ስሠራ የገባኝ ትልቁ ነገር የዋጋው የታችኛው ወለል ነው። ደመወዝ፣ ተተኪና መዋጮ ብቻቸውን 122 ናቸው። ከ122 በታች የሚያቀርብ ድርጅት ሳሙና እንኳን ሳይገዛ ይከስራል። ስለዚህ ወይ ከሠራተኛው ደመወዝና መዋጮ ይቆርጣል፣ ወይ ከሰዓቱ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ትርፉን 16 ሳደርግ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ድርጅት ሳያተርፍ አይሠራም። እንዲያተርፍ የምፈልገው ግን በግልጽ በተጻፈ መስመር ላይ ነው፤ ከሠራተኛው ኪስ አይደለም።

ቀን 12

ሶፍትና የእጅ ሳሙና በውሉ ውስጥ ይግቡ ወይስ እኛ እንግዛ? እኛ እንግዛ ብዬ ወሰንኩ። ውሉ ውስጥ ሲገባ ድርጅቱ የሚያተርፈው ልጆቹ ባልተጠቀሙት ሳሙና ነው። ይህ መጥፎ ማበረታቻ ነው። በጀቱ ላይ ለብቻው መስመር ሰጠሁት።

ኬሚካሉን ግን ድርጅቱ ያቅርብ። መለኪያ ኩባያ ግዴታ አደረግሁ፤ አሁን በግምት ስለሚጨመር ኬሚካሉም ይባክናል፣ ወለሉም ይጣበቃል፣ የተጣበቀ ወለል ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ጨርቅ በቀለም ይለይ፦ ቀይ ለመጸዳጃ፣ ሰማያዊ ለክፍል፣ አረንጓዴ ለምግብ ቦታ። በረኪና ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አንድ ላይ እንዳይቀመጥም ጻፍኩ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል።

ቀን 15

ለበጀት ኮሚቴው አቀረብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የጠበቅሁት ነበር፦ "ለምን በሰዓት 16 ፐርሰንት ጨመረ?" የ464 ካሬውን ታሪክ ነገርኳቸው። ክፍሉ ዝም አለ። አንድ አባል "ታዲያ እስከዛሬ ማን ሲሠራው ነበር?" አሉ። አራት ሰዎች፣ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ አልኳቸው።

ቢሆንም ቀንስ ተባልኩ። የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ የቀኑን የመጸዳጃ ፍተሻ ማስወጣት ነው። በዓመት 380 ሰዓት ነው፣ ከጠቅላላው 9.5 ፐርሰንት። በወረቀት ላይ ሲታይ ያጓጓል። ከእረፍት በኋላ ያየሁትን ሦስት ባዶ የሳሙና ዕቃ፣ መምህርቷ ስለ ሴት ልጆቹ የነገሩኝንም አነበብኩላቸው። ይህን ከምትቆርጡ የእኔን ቢሮ አታጽዱ አልኩ።

ያልኩትም ሆነ። ቢሮዎች በየቀኑ መጽዳታቸው ቀርቶ በሳምንት ሁለቴ ሆነ፤ ቅርጫታችንን ራሳችን ወደ ኮሪደር እናወጣለን። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ተገኘ። የውጭ መስኮት በዓመት ከሁለቴ ወደ አንዴ ወረደ። ሁለቱም የቀን ፍተሻዎች ግን ሳይነኩ ቆዩ። የቀኑ ሰዓት 18 ሆነ። ለጨረታው ግን ሰነዱ በ18.5 እንዲወጣና ቅናሹ በድርድር እንዲሆን ተስማማን፤ ድርጅቶቹን በአንድ መለኪያ ለማወዳደር።

5 ፐርሰንት መጠባበቂያም ፈቀዱ። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ልጅ ያስመልሰዋል፣ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል።

ቀን 18

የጨረታ ሰነዱን ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ድርጅቱ ከዋጋው ጎን በቀን ስንት ሰው ለስንት ሰዓት እንደሚያሠራና የሰዓት ደመወዙን እንዲጽፍ የሚያስገድድ። ተጨማሪ ሰዓት ቢያስፈልግ የሚከፈለውም አሁኑኑ ይጻፍ። ተጫራቾች ዋጋ ከማቅረባቸው በፊት ግቢውን በአካል እንዲያዩ ግዴታ ሆኗል።

ቀን 44

ሦስት ድርጅቶች አቀረቡ። በእኔ መለኪያ፣ ጠቅላላ ዋጋቸው ለ3,995 ሰዓት ሲካፈል፣ የመጀመሪያው 114፣ ሁለተኛው 158፣ ሦስተኛው 171 ሆነ።

ኮሚቴው ዓይኑን 114 ላይ ጣለ። ከ122ቱ የዋጋ ወለል በታች ነው አልኩ። የሰዓቱን ሠንጠረዥ ባዶ ትቶታል። ደውዬ ጠየቅሁ። መልሱ "ሦስት ሰው፣ አራት አራት ሰዓት" ሆነ። በቀን 12 ሰዓት ማለት ነው። እንደገና አሰላሁት። 12 በ190 ቀን፣ በዚያ ላይ 480 የዕረፍትና የቢሮ ሰዓት፣ 2,760። ዋጋውን ለዚህ ሳካፍለው የሰዓቱ 165 ወጣ። ርካሽ የመሰለን ድርጅት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከሁለተኛው ይበልጥ ያስከፍለናል። የተቀነሰው ሥራው ነው እንጂ ዋጋው አይደለም።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። ሌላ ክርክር አልተነሣም። ሁለተኛው ተመረጠ።

ቀን 53

ውሉ። ሁለት አንቀጾች ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተከራከርን።

አንደኛው የዋጋ ማስተካከያ ነው። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። የደመወዝ ሕግ ቢለወጥ ዋጋው በሙሉ ይጨምር አሉ። እኔ የጉልበቱ ክፍል ብቻ አልኩ፤ ከ160 ውስጥ 122፣ ማለትም 76 ፐርሰንት። ተስማሙ።

ሁለተኛው ቅጣት ነው። በየሳምንቱ አሥር ቦታ በዕጣ መርጠን ከሱፐርቫይዘሯ ጋር አብረን እናያለን፤ ጉድለት ከተደጋገመ ከወር ክፍያው ይቀነሳል። ግን ቅጣቱ ወደ ሠራተኛው ደመወዝ እንዳይወርድ ፈራሁ። ስለዚህ ድርጅቱ ደመወዝና መዋጮ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ጋር ያያይዛል። ማስረጃ ከሌለ ክፍያ የለም።

የቀድሞዎቹ አራት ሠራተኞች ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቅሁ። ሦስቱ ቀጠሉ። ትልቋ የቀን ሠራተኛ ሆኑ፤ የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

አዲሱ ውል፣ ሁለተኛ ሳምንት

ከእረፍት በኋላ አራቱን ብሎክ ዞርኩ። ሳሙና በአራቱም አለ። ሶፍት በሦስቱ። የጎደለው አዲሱ ብሎክ ነው፤ ሴትዮዋ ገና ወደዚያ እየሄዱ ነበር። ባልዲ በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃ ሲወጡ አገኘኋቸው። ለካ እላይ ያለው ቧንቧ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ውኃውን ከምድር ቤት ነው የሚያመጡት። ሰዓት ያዝኩ፤ ደርሶ መልስ 9 ደቂቃ። በእኔ ሠንጠረዥ ይህ አልነበረም።

ባልዲውን አንዱን ተቀብዬ አብረን ወጣን። ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ወጪውን ከመጠባበቂያው መስመር ላይ ጻፍኩት።